የሀብቴ ግድብና የአማቱ ጉድጓድ

ሀብቴ ጎርፍ አይፈራም ነበር፣ አማቱን ግን ይፈራ ነበር። ይህን ሆሳዕና ዙሪያ፣ ሌሞ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ እኔም የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ፤ አልጨምርም፣ ብቀንስ ግን አትፍረዱብኝ።

ሰውየው ፈሪ ሆኖ እንዳይመስላችሁ። ሆሳዕና ላይ ጋሪ ሲነዳ ከሚኒባስ ሾፌር ጋር ተፋጦ መንገድ አልለቅም ብሎ የቆመ ሰው ነው። የሚናከስ ፈረስ ገርቷል። ጎርፍ ቤቱ የገባ ጊዜ አንዱን ልጅ በጀርባው አዝሎ፣ አንዷን በደረቱ አቅፎ፣ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ እየተራመደ ወጥቷል። ብቻ አማቱ እማማ አባይነሽ ፊት ሲቀርብ ያ ሁሉ ወንድነት የት እንደሚገባ እንጃ፤ ምላሱ ይተሳሰራል፣ ዓይኑ መሬት መሬት ያያል።

ነገሩ የጀመረው ገና ሳይጋቡ ነው። የሀብቴ አባት ከሰሜን ሸዋ በአስተማሪነት ተመድበው የመጡ ሰው ናቸው፤ እዚሁ ሆሳዕና ወለዱ፣ እዚሁ ጡረታ ወጡ። ልጃቸውን ትምህርት እምቢ አለው፣ ፈረስ ግን እሺ አለው። ከመናኸሪያ ገበያ፣ ከገበያ መናኸሪያ ሲመላለስ፣ አንድ የገበያ ቀን ሁለት ሴቶች በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ይዘው ጋሪው ላይ ወጡ። አንደኛዋ የዛሬዋ ሚስቱ ኤልሳ ነበረች፣ ሌላዋ እናቷ። ሀብቴ ኤልሳን ሰረቅ እያደረገ ሲያይ፣ እናትየዋ ፈረሱን ሲያዩ ቆዩና "ጀርባው ቆስሏል። አንተ አታይም?" አሉት። ያን ቀን ቀልቡ ተገፈፈ።

እማማ አባይነሽ የቤታቸው ቋንቋ ሀዲይኛ ነው። በሀዲይኛ ሲያወሩ ጎረቤቱ በሳቅ ይፈርሳል፤ ሰው ያስመስላሉ፣ ይተርባሉ፣ ወሬ ያጣፍጣሉ። አማርኛ ሲናገሩ ግን ቃል ይቆጥባሉ። "ብላ።" "ቁጭ በል።" "ምን ፈለግህ?" እንደ ዳኛ ይቆርጡታል። የሀብቴ ሀዲይኛ ደግሞ ከፈረስና ከገበያ ወሬ አያልፍም። እናም ሴትዮዋን በትዳሩ ዘመን ሁሉ የሚያውቃቸው በዚያች በአጭሯ አማርኛቸው ብቻ ነበር። ተቆጥተው ይመስለዋል። ሳይቆጡም ተቆጥተው ይመስለዋል።

ኤልሳን ሲያገባ ቤት የሠራው በእሳቸው መሬት ላይ ነው። ባላቸው ቀደም ብለው አርፈዋልና መሬቱን የሚያዙት እሳቸው ናቸው፤ ከግቢያቸው በታች፣ ወደ ወንዙ ወረድ ብሎ ያለውን ቦታ ቆርሰው ሰጧቸው። እንግዲህ በአማት መሬት ላይ የሚኖር ወንድ ነገሩን ያውቀዋል። ማንም ምንም ሳይለው ራሱ ለራሱ ብዙ ነገር ይላል። ሀብቴ አማቱ ቤት ሲገባ ከበር ጥግ ይቀመጣል፣ የቀረበለትን አቀርቅሮ ይበላል፣ መናገር ካለበት በኤልሳ በኩል ይናገራል። ሦስቱም አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው "ኤልሳ፣ እማማን የፈረሱን ገመድ አይተው እንደሆነ ጠይቂልኝ" ይላል። እማማ አባይነሽም ወደ ልጃቸው ዞረው "ባልሽ ምላስ የለውም?" ይላሉ። ደግሞ ይህን በአማርኛ ነው የሚሉት።

ያ አካባቢ ጎርፍ ያለበት ነው። ከላይ ከዶዮገና በኩል ደመና ሲጠቁር፣ እዚህ ፀሐይ እያለ እንኳ ውሃው ከተራራው ተንደርድሮ ይመጣል። እንሰት ይነቅላል፣ ጥጃ ይወስዳል። ከሁሉ የከፋው ግን ቆጮውን ማበላሸቱ ነው። ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ እንሰቱ ተፍቆ በኮባ ተሸፍኖ መሬት ውስጥ ይቀበራል፣ ድንጋይ ይጫነዋል፣ እዚያው ወራት ቆይቶ ይበስላል። የቤቱ ጎተራ ከመሬት በታች ነው ማለት ነው። ጎርፍ ጉድጓዱ ውስጥ አንዴ ጭቃ ካስገባ የዓመት ቀለብ ሄደ። እማማ አባይነሽ በዚያ ሀብቴ ልጆቹን ተሸክሞ ከውሃ በወጣበት ክረምት የቀበሩት በሙሉ ጭቃ ሆኖባቸው፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ ብለው ቀኑን ሙሉ ውለዋል።

ከዚያ ወዲህ ነው ግድቡ የተሠራው። ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ከሸለቆው ወገብ ላይ ከአፈር የተሠራ፣ ውሃውን ለጥቂት ሰዓት ይዞ በቱቦ ቀስ እያለ የሚለቅ ግድብ ነው። ሕዝቡ በደቦ አፈር ተሸከመ፣ ማሽን ጠቀጠቀው፣ ሣር ተተከለበት። ሥራውን የመራው ሶፎንያስ የሚባል የወረዳ ኢንጂነር ነበር፤ ወጣት፣ ቀጭን፣ ሞተር ሳይክል ላይ ተቀምጦ የተወለደ የሚመስል ልጅ። ጠባቂ ይመረጥ ሲባል ሶፎንያስ ሀብቴን ጠቆመ። "ጋሼ ሀብቴ ቤቱ ከሥር ነው። ከሥር ያለ ሰው ነው በደንብ የሚጠብቀው" አለ። ከዚያ ወዲህ ውሃ የሚተኛበትን የግድቡን ፊት ሆዱ፣ ደረቁን ፊት ጀርባው እያለ ሥራውን አስተማረው። ከብት አታውጣበት። ቱቦው አፍ ላይ ቅርንጫፍ ሲከማች አንሣ። ፍልፈል ሲቆፍር ድፈነው። "ውሃ ሲሞላ ከጀርባው ጠራ ያለ ውሃ ቢንጠባጠብ አትደንግጥ" አለው። "ደፍርሶ ከወጣ ግን ግድቡ ከውስጥ እየተበላ ነው። ያኔ ሥራህን ሁሉ ትተህ ደውልልኝ።"

ሀብቴ በግድቡ ኮራ። የመጀመሪያውን ክረምት ግድቡ ዋለ፣ አደረ፣ ያዘ፤ ከታች ያሉት ቤቶች ውስጥ ሰው በክረምት ጫማውን አውልቆ ተኛ። የሀብቴም ጋሪ የተቀባው ያን ጊዜ ነው፣ ሰማያዊ።

በጋው ላይ ነው ጉዱ የመጣው።

አንድ ጠዋት የፍልፈል ጉድጓድ ሲፈልግ ከግድቡ ጀርባ፣ ከግርጌው ከፍ ብሎ፣ ድንጋይ ተደርድሮ አየ። ከድንጋዩ ሥር የደረቀ የኮባ ጫፍ ወጥቷል። ቁጢጥ ብሎ ሲያየው ገባው። ቆጮ ነው። ሰው ግድቡ ውስጥ ቆጮ ቀብሯል። ያ ቦታ ደግሞ የእማማ አባይነሽን አጥር ይዋሰናል፤ ድንጋዩንም ያውቀዋል፣ ከድሮው ጉድጓዳቸው ላይ የተነሣው ነው።

አሁን እናንተ ሴትዮዋን ልትፈርዱባቸው ነው። ቆይ፣ ቆይ። ቆጮ ጉድጓድ ምን ይፈልጋል? ውሃ የማይተኛበት ከፍ ያለ ቦታ፣ ለመቆፈር የሚመች አፈር፣ ለቤት ቅርብ የሆነ። ከዚያ ግድብ ጀርባ የተሻለ ቦታ በመላው ሌሞ ፈልጋችሁ አምጡልኝ። ቆጮ የሚቀብር ሰው ያንን አፈር ሲያይ እጁን ይበላዋል። የአካባቢው ሴቶች ሁሉ አስበውት ነበር ይባላል፤ እሳቸው ቀደሙ። ግድቡን ደግሞ ሲያዩት ተራራ አክሏል፣ አንድ ጉድጓድ ምን ያደርገዋል?

ሀብቴ ግን ያውቃል። ለፍልፈል ቀዳዳ እንኳ የሚሮጠው እሱ ነው። ቤቱ ሄዶ ለኤልሳ ነገራትና "አንቺ ንገሪያቸው እናትሽን" አላት። ኤልሳ የሦስተኛ ልጃቸው አራስ ነበረች። "እኔ ብነግራት ምን እንደምትለኝ አታውቅም? ጠባቂው አንተ ነህ፣ አንተ ንገራት" አለችው። እውነቷን ነው።

ሄደ። ከበር ጥግ ተቀመጠ። እማማ አባይነሽ ቆጮ በአይብና በጎመን አቀረቡለት። አቀርቅሮ ጨረሰ።

"ምን ፈለግህ?" አሉት።

"ሰላም ልበልዎት ብዬ ነው እማማ።"

"አልህ እኮ። ስትገባ አልህ፣ ስትበላም አልህ።"

ተነሥቶ ወጣ። ሌላም ቀን ሄደ፣ ሌላም ቀን በላ። የሴትዮዋ ቀለብ ነው፣ ባለፈው ጭቃ የበላባቸው ቀለብ፤ በስንት መከራ እንደገና የሞሉት ጉድጓድ። "ከዚያ ያውጡት" ብሎ በምን አፉ ይናገር? ለመስቀል ያወጡታል፣ ከዚያ በኋላ እደፍነዋለሁ እያለ ራሱን ሸነገለ። ይባስ ብሎ በጋሪ አፈር አምጥቶ ድንጋዩ ላይ አለበሰው፣ በእግሩም ረገጠው። ጠንከር ያደረገው መስሎት ነው። ያደረገው ግን መደበቅ ነበር፣ ራሱም ሳያውቀው አልቀረም።

ሶፎንያስ ከክረምቱ በፊት ለምርመራ በመጣ ጊዜማ ጭራሽ ዋሸው። ኢንጂነሩ በጀርባው በኩል ሊዞር ሲል ሀብቴ ክንዱን ያዘና "በዚያ በኩል ንብ ሰፍሯል" አለው። ሶፎንያስ ንብ አይወድም። ከሩቅ አየት አድርጎ፣ ፈርሞ፣ ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ። ሀብቴ ያን ቀን ምሳ አልበላም።

ሐምሌ ገባ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ የዶዮገና ሰማይ ጠቁሮ ጠቁሮ እዚያው ተቀደደ። ብዙም ሳይቆይ ውሃው ደረሰ፤ ግንድ እየገፋ፣ ድንጋይ እያንከባለለ መጥቶ ግድቡ ሆድ ውስጥ ገባና ዝም አለ። ሰዉ እንደ ልማዱ ግድቡ አናት ላይ ወጥቶ አየው። ደስ የሚል ነገር ነው፣ ያ ሁሉ ቁጣ ኩሬ ሆኖ ሲተኛ ማየት። እማማ አባይነሽም ላስቲክ ራሳቸው ላይ ጥለው ከሴቶቹ ጋር ቆመው ያወራሉ፣ ሴቶቹም ይስቃሉ።

ሀብቴ ሳቅ የለውም። በጀርባው በኩል ወርዶ ያቺን ቦታ ያያል። ውሃው በሆዱ በኩል ከፍ ባለ ቁጥር እሱ ከድንጋዮቹ ዓይኑን አይነቅልም። መጀመሪያ አፈሩ ረጠበ። ቀጥሎ ከኮባው ጫፍ ሥር ውሃ ጠብ ጠብ አለ፣ ንጹሕ። ይህ ችግር የለውም ብሎ ራሱን አጽናና። ከዚያ ጠብታው ክር አከለ። ከዚያ ክሩ ደፈረሰ፤ የግድቡን ቀይ አፈር ይዞ መውጣት ጀመረ።

ከታች የራሱን ቤት ጣሪያ ያያል፤ ጭስ እየወጣበት ነው፣ ኤልሳና ልጆቹ ውስጥ ናቸው። ከእሱ ቤት በታች ደግሞ ሌሎች ቤቶች አሉ። ስልክ የሚይዘው ግድቡ አናት ላይ ብቻ ነው፣ ስለዚህ እየተንሸራተተ ወጣና ደወለ።

"ኢንጂነር፣ ደፍርሶ እየወጣ ነው።"

"ከየት በኩል?"

"ንብ አለ ካልኩህ በኩል።"

"ንቡስ?"

"ንብ የለም። አልነበረም። የቆጮ ጉድጓድ ነው።"

ሀብቴ ስድብ ጠበቀ። ቢሰድበው በወደደ። "ምን ያህል ጥልቀት አለው?" አለ ኢንጂነሩ።

"እኔ አላውቅም።"

"የቆፈረው ሰው ያውቃል። አሁኑኑ ጠይቅልኝ፣ ስልኩን አትዝጋ።"

ሀብቴ ቀና አለ። የቆፈሩት ሰው ከሴቶቹ መሐል ቆመዋል። በመሐል የምትነግርለት ኤልሳ የለችም። እግሩ እየተጎተተ ሄደና ፊታቸው ቆመ። እማማ አባይነሽ አዩት።

"ምን ፈለግህ?"

"እማማ" አለ። "እዚህ ግድብ ውስጥ የቀበሩት ቆጮ ጉድጓዱ ምን ያህል ይገባል? ግድቡ በእሱ በኩል ሊሄድ ነው።"

እማማ አባይነሽ ፊታቸው አንዴ ተለወጠ፣ ከዚያ ላስቲኩን ከራሳቸው ላይ አንሥተው ጣሉ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። "እስከዚህ" አሉ።

ሀብቴ ለስልኩ ነገረ። የሶፎንያስ ድምፅ አሁን ፈጠን አለ። ጉድጓዱን እንዳትከፍቱት፣ እንዳትደፍኑትም። አሸዋ አልብሱት፣ በአሸዋው ላይ ጠጠር፣ በጠጠሩ ላይ ድንጋይ። ውሃው ይውጣ፣ አፈሩ እንዳይወጣ ነው የምንፈልገው። ከታች ያሉትን ሰዎች ወደ ትምህርት ቤቱ አውጡ። እኔ መጣሁ።

አንዲት ጎረቤት "ቆጮውን እንኳ ቢያተርፉት" ብትል እማማ አባይነሽ "ይቅር" አሏት፣ በአማርኛ። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረው በሀዲይኛ ያዘዙትን ሀብቴ ግማሹን አልሰማም፣ ግን ሁሉም ሲሮጡ አየ። ኤልሳ ልጆቿንና ከታች ያሉትን ቤተሰቦች ይዛ ወደ ትምህርት ቤቱ ዳገት ወጣች። ሀብቴ ፈረሱን ጋሪ ላይ ጠመደ።

አሸዋና ጠጠር ያለው እየተሠራ ባለው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነበር። የአሠሪ ኮሚቴው ሽማግሌ አቶ ወልደየሱስ በር ላይ ቆመው "ምእመኑ ያዋጣው አሸዋ ነው፣ ኮሚቴው ሳይሰበሰብ እንዴት አድርጌ" ማለት ጀመሩ። እማማ አባይነሽ ባዶ ማዳበሪያ ትከሻቸው ላይ እንደጣሉ አንድ ነገር በሀዲይኛ ጣል አደረጉ። በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ፣ አቶ ወልደየሱስም ሳይወዱ ስቀው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት፣ ራሳቸውም አካፋ አነሡ። ሀብቴ ምን እንደተባለ አልገባውም። አማቱ ሰው የሚያስቁ መሆናቸውን በወሬ እንጂ ቆሞ አይቶ አያውቅም ነበር።

ጋሪው ተመላለሰ። ጭቃው ጎማውን ሲይዘው ሴቶቹ ከኋላ ይገፋሉ፣ ወንዶቹ ድንጋይ ይቀባበላሉ፣ ማዳበሪያ ሙሉ አሸዋ በትከሻ ይወርዳል። አሸዋውን መጀመሪያ ሲያለብሱት ድፍርሱ ውሃ አልፎት ወጣ። ጨመሩበት። ጠጠር ደረቡ። ድንጋዩን እማማ አባይነሽ በእጃቸው እያስተካከሉ ጫኑት፣ ቆጮ ላይ ድንጋይ መጫን የዕድሜያቸው ሥራ ነውና ማንም ቦታውን አልተሻማቸውም። ከዚያ የሚሠራ ነገር አለቀ። ሁሉም ቆመው ከድንጋዩ ሥር የሚወጣውን ውሃ ማየት ጀመሩ።

ቀይ ነበር። ቆይቶ ቢጫ መሰለ። ሀብቴ ዓይኑ ያታለለው መስሎት ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ዘገነው፤ መዳፉ ውስጥ የእጁ መስመሮች ታዩት። ውሃው ጠርቷል። ደግሞ ዘገነ፣ አሁንም ጠርቷል። "እግዚአብሔር ይመስገን" አለና እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። ነፍሱ መለስ አለች።

ሶፎንያስ ከነሞተሩ ጭቃ ለብሶ ደረሰ። ዞሮ አየ፣ ነካካ፣ ወደ ሆዱ በኩል ሄዶ ውሃው በቱቦው እየጎደለ መሆኑን ተመለከተ። "ይዟል" አለ። "እስኪጎድል እዚህ እቆያለሁ፤ በጋ ላይ ግን ይህ ሁሉ ተቆፍሮ ወጥቶ እንደገና ይጠቀጠቃል።" ሀብቴን ቀና ብሎ አየውና ራሱን ነቀነቀ። "ንብ" አለ። ሰዉ ተቃቀፈ፤ ሴቶቹ ጭቃ በጭቃ ሆነው እርስ በርስ እየተያዩ ይስቃሉ፤ አቶ ወልደየሱስ እንኳ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ያወራሉ። ኤልሳም ሕፃኑን ታቅፋ፣ ሌሎቹን አስከትላ ከዳገቱ ወረደች።

ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። ሀብቴ ወደ አማቱ ሄደ። ዓይኑ መሬት ላይ ነው።

"እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቀለብዎ ሄደ።"

"መቼ አየኸው?"

"በጋ ላይ።"

"በጋ ላይ" አሉ። "ለምን አልነገርከኝም?"

"አክብሬዎት ነው።"

እማማ አባይነሽ ሊናገሩ ጀመሩና ተዉት። ወደ ኤልሳ ዞሩ። ከዚያ በሀዲይኛ ረጅም ነገር ተናገሩ፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፣ አንድ ቦታ ላይ ተቆርጦ እንደገና ቀጠለ። ሀብቴ ሴትዮዋ ይህን ያህል ሲናገሩ ሰምቶ አያውቅም። ኤልሳ አፍንጫዋን በሻርፗ ጠረገች።

"ምን አሉ?" አላት።

"ከዚያ ግድብ ሥር የሚተኙት የማን ልጆች ናቸው ነው የምትለው። አፈሩ እንዲያ እንደሚሆን የነገረኝ የለም፣ አውቄው ከሆነ እጄ ይቆረጥ አለች። አንዲት ቃል ቢለኝ በዚያኑ ቀን ቆፍሬ አወጣው ነበር። ቆጮ ሲያልቅ ሌላ እቀብራለሁ፤ እነዚህን ከየት አመጣለሁ አለች።" ኤልሳ ልጇን አስጠግታ ያዘች። "ይህን ሁሉ ዓመት አንገቱን ሲደፋ እየጠላኝ ነው የሚመስለኝ፣ ፈርቶኝ መሆኑን ዛሬ ነው ያወቅሁት አለች።"

እማማ አባይነሽ ቀረብ ብለው በጭቃማ እጃቸው አገጩን ቀና አደረጉት። ፊት ለፊት ተያዩ። ዓይናቸው እርጥብ ነበር፣ ቁጣም አልነበረበትም።

"ሁለተኛ እንዲህ አታክብረኝ" አሉት በዚያች በአጭሯ አማርኛቸው። "ንገረኝ።"

"እሺ እማማ" አለ ሀብቴ። ከትከሻቸው በላይ ወደ ግድቡ አናት አየና "እንግዲያውስ እማማ፣ ጥጃዎ ግድቡ ላይ እየጋጠ ነው። ያውርዱልኝ" አላቸው።

እማማ አባይነሽ ዞረው አዩ። ለኤልሳ በሀዲይኛ አንድ ነገር አሏት፣ ኤልሳ ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ጥጃውን ሊያወርዱ ወጡ።